የፍሳሽ ዝቃጭን በወቅቱ ስለ ማውጣትና አብላልቶ ለእርሻ ስለ ማዋል

ማዳበሪያ በተወደደበት ዘመን መሬትን ያፋፋል የተባለ ነገር ሁሉ የገበሬን ዓይን ይስባል። ስለዚህ በፍኖተ ሰላም፥ በቡሬና በሌሎች የምዕራብ ጎጃም ከተሞች ዙሪያ የሚያርስ ገበሬ አንድ ጥያቄ ቢጠይቅ የሚያስደንቅ አይደለም፤ ይኸውም «ከከተማ መጸዳጃ ጉድጓድ በቦቴ ተመጥጦ የሚወጣው ዝቃጭ ማሳዬ ላይ ቢደፋልኝ ይጠቅመኛል ወይስ ይጎዳኛል?» የሚል ነው።

መልሱ ባጭሩ ይህ ነው። ጥሬው ዝቃጭ ይጎዳል። ደርቆ፥ ተብላልቶና ጊዜውን ጠብቆ የተዘጋጀው ግን ይጠቅማል። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት የሥራና የትዕግሥት ልዩነት ነው። ከዚህ ቀጥሎ ዝቃጭ ምን እንደ ሆነ፥ ከማጣሪያ ጣቢያም ሆነ ከቤት ባዮጋዝ በወቅቱ ካልወጣ ምን እንደሚያደርስ፥ ከወጣም በኋላ እንዴት ተዘጋጅቶ ወደ መሬት እንደሚመለስ በተራ እንገልጻለን።

ዝቃጭ ማለት ምንድን ነው?

ጠላ ጋን ውስጥ ሲሰነብት ጥሩው ከላይ ይጠራል፤ አተላው ከታች ይዘቅጣል። አተላውን ሳታወጡ በላዩ ሌላ ጠላ ብትጠምቁ ጋኑ የሚይዘው ይቀንሳል፤ የሚቀዳውም ድፍርስ ይሆናል። ፍሳሽም እንዲሁ ነው። ከመጸዳጃ፥ ከማጀትና ከመታጠቢያ የሚወጣው ውሃ ባንድ ጉድጓድ ወይም ገንዳ ውስጥ ሲቆይ ከባዱ ነገር ወደ ታች ይወርዳል። ያ ወደ ታች የወረደው ጭቃ መሳይ ነገር ዝቃጭ ይባላል።

ሊታወቅ የሚገባው ዋና ነገር፥ ከጉድጓድ በቦቴ የሚመጠጠው ዝቃጭ አብዛኛው ውሃ መሆኑ ነው። ከ100 ሊትር ውስጥ ብዙውን ጊዜ ከ95 ሊትር በላይ የሚሆነው ውሃ ነው። ይህን ወደ ኋላ በሒሳብ እንመለስበታለን።

ማጣሪያ ጣቢያ እንዴት ይሠራል?

በአዲስ አበባ ደቡብ፥ ቃሊቲ ላይ፥ የከተማው ውሃና ፍሳሽ ባለሥልጣን የሚያስተዳድረው ትልቅ የፍሳሽ ማጣሪያ ጣቢያ አለ። ቀድሞ ፍሳሹን በተከታታይ ኩሬዎች እያሳለፈ ያጣራ ነበር፤ በ2010ዎቹ ዓመታት ግን ተስፋፍቶ በቀን 100,000 ሜትር ኩብ እንዲያጣራ ሆኖ ተሠራ። የሥራው ቅደም ተከተል ይህን ይመስላል።

1ኛ፤ ጨርቅ፥ ላስቲክና እንጨት በብረት ወንፊት ይያዛል፤ አሸዋውም ለብቻው እንዲዘቅጥ ይደረጋል።

2ኛ፤ ፍሳሹ አየር በማይገባበት ገንዳ ከታች ገብቶ በወፍራም ዝቃጭ መካከል ወደ ላይ ያልፋል። በዚያ ዝቃጭ ውስጥ በዓይን የማይታዩ ረቂቅ ተሕዋስያን ይኖራሉ፤ ቆሻሻውን የሚበሉትና የሚያብላሉት እነርሱ ናቸው።

3ኛ፤ ከዚያ የወጣው ውሃ አየር በሚያገኝ ማጣሪያ ላይ እየተንጠባጠበ ያልፋል፤ የቀረውን ቆሻሻ አየር የሚወዱ ሌሎች ተሕዋስያን ይጨርሱታል።

4ኛ፤ ውሃው እንደገና ረግቶ የጠራው ይለቀቃል፤ የዘቀጠው ተለይቶ እንዲወፍርና እንዲደርቅ ይደረጋል።

ከዚህ እንደምትረዱት ዝቃጭ ለማጣሪያ ጣቢያ ጠላትም ወዳጅም ነው። ሲበዛ ገንዳውን ያጠበዋል፤ ፍሳሹ ለመብላላት የሚቆይበትን ጊዜ ያሳጥራል፤ በመጨረሻም ከሚወጣው ውሃ ጋር አብሮ ወደ ወንዝ ይሄዳል። ጨርሶ ቢወጣ ደግሞ ሠራተኞቹ ተሕዋስያን አብረው ይወጣሉ፤ ሥራውም ይቆማል። እመቤት እንጀራ በጋገረች ቁጥር ለሚቀጥለው ሊጥ እርሾ እንደምታስቀር፥ ማጣሪያ ጣቢያም ከዝቃጩ በልክ ያስቀራል፤ ትርፉን በወቅቱ ያወጣል።

እ.ኤ.አ. በ1914 አርደርንና ሎኬት የተባሉ ሁለት እንግሊዛውያን ኬሚስቶች በማንችስተር ከተማ ይህንኑ በሙከራ አሳይተዋል። የቀድሞውን ዝቃጭ ሳይደፉ ለአዲሱ ፍሳሽ እያስቀሩ አየር ሲነፉበት፥ ሳምንታት ይፈጅ የነበረው ማጣራት በሰዓቶች የሚያልቅ ሆነ። ዛሬ በብዙ ዓለም ከተሞች የሚሠራበት የማጣሪያ ዘዴ የተወለደው ከዚህ ነው። የእኛ እናቶች በቡኮ የሚያውቁትን እነርሱ በፍሳሽ አገኙት ማለት ይቻላል።

የቤት ባዮጋዝ ትንሽ ማጣሪያ ጣቢያ ነው

ማጣሪያ ጣቢያ የትልቅ ከተማ ነገር ብቻ አይምሰላችሁ። በጓሮው ባዮጋዝ ያሠራ ገበሬ የራሱ ማጣሪያ ጣቢያ አለው። በአገራችን የመጀመሪያው የባዮጋዝ ማብላያ የተሠራው በ1950 ዓ.ም. ገደማ በአምቦ የእርሻ ትምህርት ቤት ነው፤ ዓላማውም የእርሻ መሣሪያ ለመበየድ የሚሆን ጋዝ ማግኘት ነበር። ብሔራዊ የባዮጋዝ ፕሮግራም በ2001 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር ከመጀመሪያዎቹ አራት ክልሎች አንዱ አማራ ነበር። ፕሮግራሙ ያስፋፋው «ስንዱ» የተባለው፥ ጣራው እንደ ጉልላት ሆኖ ከመሬት በታች የሚገነባው ዓይነት ነው።

አሁን ዝቃጭ የማጣሪያን ጉልበት እንዴት እንደሚቀንስ በዚህ በምታውቁት ባዮጋዝ እናስላ። አንድ ማብላያ በውስጡ 4,000 ሊትር ፈሳሽ ይይዛል እንበል። ባለቤቱ በየቀኑ 40 ኪሎ እበትና 40 ሊትር ውሃ አቀላቅሎ ያስገባል። ይህ በድምሩ 80 ሊትር ያህል ነው። 4,000ን ለ80 ስናካፍል 50 ይሆናል። እንግዲህ ዛሬ የገባ እበት ለመብላላት 50 ቀን ያገኛል ማለት ነው።

ከጊዜ በኋላ አሸዋ፥ አፈርና ያልተብላላ ጭድ ከታች ተከማችቶ 1,000 ሊትር የሚያህለውን ቦታ ቢይዝ የሚቀረው 3,000 ሊትር ነው። ያን ጊዜ እበቱ የሚቆየው 37 ቀን ተኩል ብቻ ነው። 2,000 ሊትር ቢዘጋ ደግሞ 25 ቀን። እንደ እኛ ባለ ወይና ደጋ አገር፥ ሌሊቱ በሚቀዘቅዝበት ቦታ፥ ተሕዋስያኑ ቀስ ብለው ስለሚሠሩ 25 ቀን አይበቃቸውም። ስለዚህ ምድጃው ላይ ያለው ነበልባል ይደክማል፤ ከመውጫው የሚወጣውም ያልበሰለና የሚሸት ይሆናል። ባለቤቱ «ባዮጋዜ አረጀ» ይላል፤ ያረጀው ግን ሆዱ በአሸዋ ስለ ሞላ ነው።

ውሃ ማብዛትም ያንኑ ጉዳት ያመጣል። በ40 ኪሎ እበት ላይ 120 ሊትር ውሃ የጨመረ ሰው በቀን 160 ሊትር አስገባ፤ 4,000ውም ሊትር በ25 ቀን ውስጥ ተገፍቶ ይወጣል። የከተማ ማጣሪያ ጣቢያም የዝናብ ጎርፍ ወደ ፍሳሽ መስመሩ ሲገባበት የሚደክመው በዚሁ ምክንያት ነው።

ስለዚህ ባዮጋዝ ያላችሁ ገበሬዎች ይህን አድርጉ።

1ኛ፤ እበቱን ከመሬት ስታነሡ አፈርና ጠጠር አብሮ እንዳይገባ የበረቱን ወለል በድንጋይ ንጣፍ ወይም በሲሚንቶ አስተካክሉ።

2ኛ፤ 1 ኪሎ እበት በ1 ሊትር ውሃ ሒሳብ አቀላቅሉ። በመቀላቀያው ገንዳ ውስጥ ጥቂት አቆዩትና አሸዋው ሲዘቅጥ ከላይ ያለውን ብቻ ልቀቁ፤ የዘቀጠውን በአካፋ አውጡ።

3ኛ፤ ጭድና ገለባ ወደ ማብላያው አታስገቡ። እርሱ የኮምፖስት ምግብ ነው፤ በባዮጋዝ ውስጥ ግን ከላይ እንደ ጣራ ይጋገራል።

4ኛ፤ ባልለወጣችሁት አመጋገብ ጋዙ ከዓመት ዓመት እየቀነሰ ከሄደ የማብላያው ሆድ መጥበቡን ተጠራጠሩ፤ በወረዳው ባለሙያ አስመርምራችሁ ዝቃጩን አስወጡ። ሲወጣም ለእርሾ የሚሆን ጥቂት ይቅር።

5ኛ፤ ማንም ሰው ወደ ማብላያው ወይም ወደ መጸዳጃ ጉድጓድ አይግባ። ውስጡ ሰው የሚተነፍሰው አየር የለም፤ የሚያፍነውም ጋዝ ሽታ የሌለው ሊሆን ይችላል። አንድ ሰው ወድቆ ሊያወጣው የገባ ሁለተኛ ሰው አብሮት ይሞታል። ክብሪት፥ ኩራዝና ሲጋራም ከአጠገቡ ይራቁ።

ዝቃጭ ለመሬት የሚሰጠው ምንድን ነው?

በዝቃጭ ውስጥ ናይትሮጅንና ፎስፎረስ አለ፤ ከሁሉም ይልቅ አፈርን የሚያለሰልስና ውሃ እንዲይዝ የሚያደርግ ብስባሽ አለ። ይህ ብስባሽ ለምዕራብ ጎጃም ቀይ መሬት በተለይ ይጠቅማል። ብዙው ቀይ መሬታችን በዝናብ ታጥቦ አሲዳማ፥ ማለት ኮምጣጣ ሆኗል። በእንዲህ ያለ አፈር ውስጥ አሉሚኒየም የተባለው ንጥረ ነገር እየሟሟ ሥርን ያቀጭጫል፤ ፎስፎረስም ከአፈሩ ጋር ተጣብቆ ለሰብሉ አይደርስም። ብስባሽ አሉሚኒየሙን በከፊል ይይዘዋል። ኖራን ግን አይተካም፤ ረዳቱ ነው።

ይሁን እንጂ ዋጋውን በትክክል ማወቅ ያስፈልጋል። 10,000 ሊትር የሚይዝ አንድ ቦቴ እንውሰድ። ከ100 እጅ 3 እጁ ብቻ ደረቅ ነገር ቢሆን፥ ውሃው ሲጠፋ የሚቀረው 300 ኪሎ ወይም 3 ኩንታል ነው። ከዚህ ደረቅ ነገር ከ100 ኪሎው 3 ኪሎ ናይትሮጅን ቢገኝ በጠቅላላው 9 ኪሎ ይሆናል። አንድ ኩንታል ዩሪያ 46 ኪሎ ናይትሮጅን አለው። እንግዲህ ያ ትልቅ ቦቴ ሙሉ ዝቃጭ ሲደርቅ በናይትሮጅኑ ከ20 ኪሎ ዩሪያ አይበልጥም፤ የአንድ ኩንታል ዩሪያን ያህል ለማግኘት 5 ቦቴ ያስፈልጋል። እርሱም ቢሆን ባንድ ክረምት አይለቅም፤ በየዓመቱ ጥቂት ጥቂት ይሰጣል እንጂ።

ይህን የምንናገረው ዝቃጭን ለማቃለል አይደለም። ለ20 ኪሎ ዩሪያ ሲል ጥሬ ዝቃጭ ማሳው ላይ የሚያስደፋ ሰው ምን ያህል ትንሽ ነገር ተቀብሎ ምን ያህል ትልቅ ነገር ለአደጋ እንደሚያጋልጥ እንዲያስብ ነው።

በጥሬ ዝቃጭ ውስጥ ያለው ጉዳት

ወስፋት። አንዲት የወስፋት እናት በቀን እስከ 200,000 እንቁላል ትጥላለች። እንቁላሉ ከሰው ዓይነ ምድር ጋር ወጥቶ በእርጥብ አፈር ውስጥ ከዓመት በላይ በሕይወት ሊቆይ ይችላል። የባዮጋዝ ማብላያ እንኳ በእኛ አገር ቅዝቃዜ አይገድለውም። ስለዚህ መጸዳጃ ቤት የተያያዘበት ባዮጋዝ ዝቃጭ እንደ መጸዳጃ ዝቃጭ መቆጠር አለበት። ልጆች እጃቸውን ሳይታጠቡ ሲበሉ፥ ወይም ጥሬ አትክልት ሲበላ፥ ወስፋቱ ወደ ሆድ ይመለሳል።

ኮሶ። ይህ ለእኛ አገር የተለየ ነገር ነው። የኮሶ ትል እንቁላል ከሰው ወጥቶ ሣር ላይ ሲያርፍ ከብቱ ከሣሩ ጋር ይበላዋል፤ በሥጋው ውስጥም እንደ ትንሽ እንክብል ሆኖ ይቀመጣል። ያን ሥጋ በጥሬው የበላ ሰው ኮሶ ይይዘዋል። ስለዚህ ጥሬ ዝቃጭ የተደፋበት የግጦሽ መሬት ከበሬው አልፎ እስከ በዓሉ ጥሬ ሥጋ ድረስ ይከተላችኋል።

መንጠቆ ትል። ይህ ትል አፍን አይጠብቅም፤ በባዶ እግር ቆዳ በኩል ይገባል፤ ደምንም ያሳንሳል።

ልዩ ልዩ ብረታ ብረቶች። ከቆዳ ፋብሪካ፥ ከጋራዥና ከተጣለ ባትሪ ድንጋይ የሚመጡ እንደ ክሮም፥ እርሳስና ካድሚየም ያሉ ብረታ ብረቶች በመብላላትም በመድረቅም አይጠፉም። በአሲዳማ አፈር ውስጥ ደግሞ አብዛኞቹ ይበልጥ እየሟሟ ወደ ሰብሉ ይገባሉ። በእንግሊዝ አገር የአፈሩ ፒ ኤች ከ5 በታች ከሆነ ዝቃጭ መጨመርን ደንቡ የሚከለክለው ስለዚህ ነው። የእኛም ብዙ መሬት በዚያ ወሰን አካባቢ ነውና አፈራችሁን ሳታስመረምሩ፥ ኖራ የሚያሻውንም በኖራ ሳታክሙ፥ የከተማ ዝቃጭ አትጨምሩ።

ዝቃጩ ለመሬት የሚበቃው እንዴት ነው?

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2006 ባወጣው መመሪያ መሠረት የዓይነ ምድር ዝቃጭ አዲስ ሳይጨመርበት፥ አየሩ ከ20 ዲግሪ በታች በሆነ አገር ከአንድ ዓመት ተኩል እስከ ሁለት ዓመት፥ ከ20 እስከ 35 ዲግሪ በሆነ አገር ደግሞ ከአንድ ዓመት በላይ መቀመጥ አለበት። ፍኖተ ሰላም ከባሕር ወለል በላይ 1,900 ሜትር ገደማ፥ ቡሬ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ስላሉ፥ ለእኛ የሚሻለው ረጅሙን ጊዜ፥ ማለት ሁለት ዓመቱን፥ መያዝ ነው። ሥራው በሦስት ደረጃ ይከፈላል።

1ኛ፤ ማድረቅ። ከኅዳር እስከ መጋቢት ባሉት ደረቅ ወራት፥ ከታች ጠጠር ከላይ አሸዋ በተነጠፈበት መደብ ላይ ዝቃጩን ከ20 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ውፍረት አፍስሱ። ውሃው ከፊሉ ወደ ታች ይንጠፈጠፋል፤ ከፊሉ በፀሐይ ይተንናል። ከሥር የሚወጣው ውሃ ራሱ ፍሳሽ ስለሆነ ለብቻው በተዘጋጀ ጉድጓድ ይያዝ እንጂ ወደ ወንዝ አይለቀቅ። ዝቃጩ ተሰነጣጥቆ በአካፋ ሲነሣ ለሚቀጥለው ሥራ ደረሰ ማለት ነው። በመድረቅ ከናይትሮጅኑ ጥቂቱ ወደ አየር መጥፋቱ አይቀርም፤ ይህ ለጤና የሚከፈል ዋጋ ነው። ሰው ያልነካው የእበት ባዮጋዝ ዝቃጭ ግን እንዲህ በፀሐይ መድረቅ የለበትም፤ በጥላ ሥር ከገለባ ጋር ቢቀላቀል ኃይሉን ይጠብቃል።

2ኛ፤ ማብላላት። በስፍር አንድ እጅ ዝቃጭ ከሁለት ወይም ከሦስት እጅ የበቆሎ አገዳ፥ ገለባና ቅጠል ጋር ቀላቅላችሁ ከ1 ሜትር እስከ 1 ሜትር ተኩል ከፍታ ከምሩ። እርጥበቱን በጓንት እጅ ጨምቃችሁ ሞክሩ፤ ውሃ ጠብ ሳይል እጅን ካረጠበ በቂ ነው። ክምሩ በጥቂት ቀን ውስጥ ይግላል። ውስጡ ከ50 ዲግሪ በላይ ሆኖ ቢያንስ አንድ ሳምንት ሲቆይ የወስፋት እንቁላል ይሞታል፤ ነገር ግን የክምሩ ዳር ስለማይግል በመንሽ እየገለበጣችሁ የውጭውን ወደ ውስጥ ማግባት ያስፈልጋል። ከተገለበጠም በኋላ እንደገና ሊግልና ሊቆይ ይገባዋል።

3ኛ፤ ማሳረፍ። ሙቀቱን በመለኪያ የሚከታተል ባለሙያ ከሌለ «ግሏልና ይበቃዋል» ማለት አይቻልም። እንዲህ ሲሆን የሁለቱን ዓመት ጊዜ ጠብቁ። ክምሩን ዝናብ እንዳያጥበው ሸፍኑት፤ ዶሮና ከብት እንዳይደርስበት እጠሩት፤ የተዘጋበትን ወርና ዓመት በእንጨት ላይ ጽፋችሁ ትከሉበት። ዘንድሮ ኅዳር የተዘጋ ክምር የሚከፈተው በሁለተኛው ዓመት ኅዳር ነው። በተዘጋ ክምር ላይ አንድ አካፋ እንኳ አዲስ ዝቃጭ ከተጨመረበት ቆጠራው እንደ አዲስ ይጀምራል።

በዚህ ሥራ ላይ የሚውል ሰው ቦት ጫማና ጓንት ያድርግ፤ ከሥራ በኋላ እጁን በሳሙና ይታጠብ። ለዝቃጭ የዋለ አካፋና መንሽ እህል አይንካ።

ማሳ ላይ እንዴት ይጨመራል?

ለበቆሎ፥ ለስንዴ፥ ለባሕር ዛፍና ለፍራፍሬ ዛፍ የበሰለ ዝቃጭ ይስማማል። ከመዝራት በፊት በማሳው ላይ በትናችሁ ያንኑ ቀን በማረሻ ገልብጡት፤ ለዛፍ ከሆነ በግንዱ ዙሪያ ቆፍራችሁ ቅበሩት። ለመጀመሪያ ጊዜ ለአንድ ጥማድ፥ ማለት ለሩብ ሄክታር ያህል፥ ከ10 እስከ 15 ኩንታል ደረቅ ዝቃጭ በቂ ነው። ፋብሪካ ሠራሹን ማዳበሪያ ባንድ ጊዜ አትተዉ፤ በምን ያህል እንደሚቀነስ ከእርሻ ባለሙያው ጋር ተመካከሩ።

ጥሬውን ለሚበሉ ወይም አፈር ለሚነካቸው ሰብሎች አትጨምሩ፤ እነዚህም ሰላጣ፥ ጎመን፥ ሽንኩርት፥ ካሮት፥ ቲማቲምና ድንች ናቸው። በርበሬንም በተለይ እናስገነዝባለን። የቡሬና የጃቢ ጠህናን በርበሬ የገበያ ስም ያለው ሰብል ነው፤ ከተለቀመ በኋላም ብዙ ጊዜ መሬት ላይ ተሰጥቶ ይደርቃል። ዝቃጭ በተነካ መሬት ላይ የተሰጣ በርበሬ የገዢውን ጤና የባለቤቱንም ስም ያበላሻል።

ከምንጭ፥ ከውሃ ጉድጓድና ከወንዝ ቢያንስ 30 ሜትር ራቁ፤ ተዳፋት መሬት ከሆነ ከዚያም በላይ። ክረምት ከገባ በኋላ አትበትኑ፤ ጎርፍ ወስዶ ላህን ወይም ብርን ያጠጣዋል፤ ከታች ውሃውን የሚጠጣና በመስኖ የሚጠልፍ ወገን አለ።

ጥቅሙን በዓይናችሁ ለማየት ማሳውን ለሁለት ክፈሉ። በአንዱ ዝቃጩን ከተለመደው ማዳበሪያ ጋር፥ በሌላው የተለመደውን ማዳበሪያ ብቻ አድርጋችሁ አንድ ዓይነት ዘር ዝሩ፤ ምርቱን ለየብቻ መዝኑ። ሚዛኑ ከማንኛውም ሰው ምስክርነት ይበልጣል።

ከከተማው ጋር ስለ መስማማት

እንደ ፍኖተ ሰላምና ቡሬ ባሉ ከተሞች አብዛኛው ቤት የሚጠቀመው በጉድጓድ መጸዳጃ ነው። ጉድጓዱ ሲሞላ ዝቃጩ ወዴት ይሂድ የሚለው ጥያቄ የከተማው ብቻ ሳይሆን በዙሪያው የምታርሱ የእናንተም ነው። ማድረቂያ ቦታ ያልተዘጋጀለት ቦቴ የሚደፋው ወይ ወንዝ ዳር ወይ ማሳ ላይ ነውና። ስለዚህ በቀበሌያችሁ በኩል ሆናችሁ ከማዘጋጃ ቤቱና ከወረዳው እርሻና ጤና ባለሙያዎች ጋር ተነጋገሩ። ከውሃ የራቀ ማድረቂያ መደብ እንዲከለል፥ የመጸዳጃው ዝቃጭ ከጋራዥና ከፋብሪካ ፍሳሽ ጋር እንዳይቀላቀል፥ የደረቀውም ምርመራ ከተደረገለት በኋላ እንዲሰጥ ጠይቁ። «በነፃ ነው» ተብሎ የመጣ ጥሬ ዝቃጭ አትቀበሉ።

በቡሬ የተቋቋመው የተቀናጀ የግብርና ማቀነባበሪያ ኢንዱስትሪ ፓርክ የእርሻ ምርት የሚያቀነባብሩ ፋብሪካዎች የሚሰባሰቡበት ነው። ከእንዲህ ያሉ ፋብሪካዎች የሚወጣ ዝቃጭ የሰው ዓይነ ምድር ካልገባበት ወስፋት አይኖርበትም፤ ነገር ግን ቅባት፥ ጨውና የማጠቢያ ኬሚካል ሊኖርበት ይችላል። ስለዚህ እርሱም ቢሆን በላቦራቶሪ ሳይመረመር ማሳ ላይ አይዋል።

በገጠር ለምትኖሩ ደግሞ ከሁሉ የቀለለ መንገድ አለ። ለመጸዳጃ 1 ሜትር ያህል ጥልቀት ያለው ጉድጓድ ቆፍሩ፤ በተጠቀማችሁ ቁጥር አመድና አፈር ነስንሱበት። ሊሞላ ሲቃረብ ቤቱን ወደ ሌላ ጉድጓድ አዛውሩ፤ የቀድሞውን በወፍራም አፈር ደፍናችሁ ክረምት ሲገባ አቮካዶ ወይም ማንጎ ትከሉበት። በዚህ ዘዴ ዝቃጩን ማንም በእጁ አይነካውም፤ መጓጓዣም አይፈልግም፤ ከዓመታት በኋላ የምትለቅሙት ፍሬውን ብቻ ነው።

ለማስታወስ ያህል

1. ዝቃጩ በወቅቱ ያልወጣ ማጣሪያ ወይም ባዮጋዝ በስሙ ብቻ ይቀራል፤ ትርፉን አውጡ፥ እርሾውን አስቀሩ።
2. በባዮጋዝ ውስጥ አሸዋ፥ ጭድና የበዛ ውሃ አታስገቡ።
3. ወደ ጉድጓድ ወይም ወደ ማብላያ ማንም አይግባ።
4. ጥሬ ዝቃጭ ማሳ፥ ግጦሽና ወንዝ አይንካ። አድርቁ፥ አብላሉ፥ ሁለት ዓመት አሳርፉ።
5. አሲዳማ መሬትን አስመርምራችሁ በኖራ ሳታክሙ የከተማ ዝቃጭ አትጨምሩ።
6. ለበቆሎ፥ ለስንዴና ለዛፍ እንጂ ለአትክልትና ለበርበሬ አይሁን።

ከመሬት የወጣ ወደ መሬት መመለሱ ያለ ነገር ነው። የእኛ ድርሻ በሽታው ከመንገድ እንዲቀርና ፍሬያማው ብቻ እንዲመለስ ማድረግ ነው። ይህን ሥራ ለመጀመር የምታስቡ ገበሬዎች ኅዳር ከመግባቱ በፊት ከቀበሌያችሁ የእርሻ ልማት ሠራተኛ ጋር ቦታ መርጣችሁ መደባችሁን አዘጋጁ፤ ፀሐዩ የሚያግዛችሁ ያን ጊዜ ነውና።